ባክቴሪያ በስኳር ሲፈተን

በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክም ሆነ በላሊበላ፣ ትኩሳቱ ለቀናት አልለቅ ያለውን ሕመምተኛ «ተስቦ ይዞታል» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ ግን ሁለት የማይዛመዱ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ቅማል የሚያስተላልፈው ታይፈስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በተበከለ ምግብና ውኃ የሚመጣው የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ ነው። የሚታከሙባቸው መድኃኒቶችም የተለያዩ ናቸው።

ብዙ ጤና ጣቢያዎች ታይፎይድን የሚመረምሩት ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ቪዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ባስተዋወቀው የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ የሚያሳየን ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። በመሆኑም ቀደም ሲል ታሞ የዳነ ወይም በሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ የተያዘ ሰው ታይፎይድ እንዳለበት ሊነገረው ይችላል። የሌለበትን በሽታ መድኃኒት ይውጣል፤ እውነተኛው ሕመም ግን በሰውነቱ ውስጥ ይቀጥላል። እርግጡን ለማወቅ ባክቴሪያውን ከደም ወይም ከሰገራ ለይቶ ማሳደግና ማንነቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጥያቄዎቹ ዋነኛው «የትኛውን ስኳር ታብላላለህ?» የሚል ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ይኸው አሲድ ነው። ጠላ ሲብላላ ከጋኑ የሚወጣው አረፋ ደግሞ እርሾ ከስኳር የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ላቦራቶሪውም የሚፈልገው እነዚህኑ ሁለት ምልክቶች፣ አሲድንና ጋዝን ነው።

በመመርመሪያ ቱቦ ውስጥ የፔፕቶን ሾርባ፣ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ የሚሆን አንድ ዓይነት ስኳር ብቻ፣ እንዲሁም ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ የፈሳሹ ፒኤች ከ6.8 በታች ሲወርድ ከቀይ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኸርበርት ደርሃም እ.ኤ.አ. በ1898 ያስተዋወቃት ትንሽ ቱቦ ደግሞ በትልቁ ውስጥ በአፏ ተደፍታ ትቀመጣለች፤ ጋዝ ከተፈጠረ በጫፏ ላይ አረፋ ይታያል። ባክቴሪያው ከተጨመረ በኋላ ቱቦው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚህ በላይ ማቆየት ያሳስታል፤ ባክቴሪያው ስኳሩን ጨርሶ ፔፕቶኑን መመገብ ሲጀምር ቢጫው ተመልሶ ሊቀላ ይችላልና።

በጤነኛ ሰው አንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ ላክቶስን አብላልቶ ቱቦውን ቢጫ ያደርጋል፤ አረፋም ያወጣል። የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ታይፊ ላክቶስን አይነካም፤ ቱቦው እንደቀላ ይቀራል። ግሉኮስ ባለበት ቱቦ ግን ቢጫ ያደርጋል፤ አረፋ አይፈጥርም። ብዙዎቹ ሌሎች ሳልሞኔላዎች ከግሉኮስ ጋዝ ስለሚያወጡ፣ የአረፋው አለመኖር ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። የተቅማጥ በሽታ የሚያመጣው ሺጌላም በዚህ ፈተና ከታይፊ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱ ግን አይንቀሳቀስም፣ ታይፊ ይዋኛል። በመጨረሻ ማንነቱ በፀረ ሴረም ይረጋገጣል።

ለደጋ ላቦራቶሪ የተለየ ማስታወሻ አለ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጻሕፍት ኦቶክሌቭ በ15 ፓውንድ ግፊት 121 ዲግሪ ይደርሳል ይላሉ፤ ይህ የሚሠራው በባሕር ወለል ነው። በላሊበላ ያው ግፊት የሚሰጠው 117 ዲግሪ ያህል ነው። ለስኳር ሾርባ ይህ እንዲያውም ይስማማል፤ ከ118 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ስኳሩ ይበላሻልና። ባክቴሪያ ያደገባቸውን ያገለገሉ ቱቦዎች ከመጣል በፊት ግን 121 ዲግሪ ማድረስ የግድ ነው፤ ለዚህም ግፊቱ ወደ 19 ፓውንድ ከፍ ማለት አለበት። ኦቶክሌቩ ለዚህ ግፊት ካልተሠራ፣ የማምከኛው ጊዜ መርዘም ይኖርበታል።