የጥንት ባሕር ደለል ዕድሜ በጥቃቅን ቅሪተ አካል ስለ መታወቁ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚገኘው ደንጊያ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ቤቱ የሚታነጽበት ሲሚንቶ ግን ከኖራ ደንጊያ ይሠራል፤ ይኸውም በጥንት ዘመን በባሕር ወለል የረጋ ደለል ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ለመሻገር ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ደንጊያ፣ ዝቅ ሲልም ውፍረቱ ወደ 400 ሜትር የሚደርስ ኖራ ደንጊያ ያያል። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው ብላንፎርድ ይህን የመሰለውን የትግራይ ኖራ ደንጊያ በአንጣሎ አገር ስም ጠርቶታል።

የደለሉን ዕድሜ ከሚገልጹት አንዱ ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ፍጥረታት ቅርፊት ነው። እነዚህ ባለ አንድ ሕዋስ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳሉ፤ ሲሞቱም ቅርፊታቸው ከባሕሩ ጭቃ ጋራ ይረጋል። እያንዳንዱ ዓይነት የተነሣበትና የጠፋበት ዘመን አለው፤ አንድ ጊዜ የጠፋም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሊቃውንት ደንጊያውን ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳስተው በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። የምኒልክና የኃይለ ሥላሴ ገንዘብ በአንድ ማሰሮ ተቀብሮ ቢገኝ፣ ማሰሮው ከኃይለ ሥላሴ ዘመን በፊት አለመቀበሩ ይታወቃል፤ እንዲሁም ከአሮጌ ደለል ታጥቦ የመጣ ቅርፊት እንዳያሳስት የሚታመነው የኋለኛው ነው።

በኢትዮጵያ ኖራ ደንጊያ ውስጥ የሚገኘው ኩርኑቢያ የሚባለው ዓይነት በዐረብና በፍልስጥኤም አገርም ይገኛል። በዚህና በመሰሎቹ ምስክርነት ደለሉ ከ150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንዳለው ታውቋል።

ይህ ዕውቀት ለእርሻም ይረዳል። የተፈጨ ኖራ ደንጊያ አሲድ የበዛበትን መሬት ያሻሽላል። በመልክ የሚመሳሰሉት ንብርብሮች በዕድሜ ሲለዩ፣ በአንዱ ሸለቆ የታየው ንብርብር በሌላው ሸለቆ ከየትኛው ጋራ እንደሚገጥም ይታወቃል፤ ያለዚህ ቁፋሮው በግምት ይሆንና ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። ስለዚህ ደንጊያ ለምርመራ የሚልክ የወረዳ ሹም ወይም ባለ ይዞታ ከገደል ሥር የተናደውን ሳይሆን ከንብርብሩ ላይ የተፈለጠውን ይላክ፤ የቦታውንም ስምና ከፍታ ጽፎ ያያይዝ። ከየት እንደ ተነሣ ያልታወቀ ደንጊያ ዕድሜው ቢታወቅም ለአገሩ መሪ አይሆንም።