«ተልኳል አልኳቸው… ሲሚንቷቸው ግን ድንጋይ ሆነ!»

ዛሬ የፍቅር ደብዳቤ አላመጣንላችሁም። ፍቅር ጨርሶ የለበትም ማለታችን ግን አይደለም፤ የደብዳቤው ጸሐፊ በሥራው ምክንያት እጮኛውን ሊያጣ ምንም አልቀረው!

ልጁ የአምቦ ልጅ ነው። ዕድሜው 27። ኮሌጅ ገብቶ ድራፍቲንግ ተማረ፤ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ከአስፋልቱ ዳር ጠባብ ቤት ተከራይቶ፣ ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሥራው ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነበር። ቀስ በቀስ ሰዎች «እስቲ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ አዘጋጅልን» እያሉ ይመጡ ጀመር። «ታዲያ ለምን በስልክ አልቀበላቸውም?» አለና ቴሌግራም ላይ አገልግሎቱን ከፈተ። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ ካርታቸውን ፎቶ እያነሱ ላኩለት። ክፍያው በቴሌብር ነው። ፕላኑን ፈቃድ ያለው አርክቴክት ጓደኛው ይሠራል፤ እሱ ፋይሉን ያሟላል። ቢሮው በኢንተርኔት የሚቀበል ከሆነ ይልካል፤ ካልሆነም አትሞ በእግሩ ያደርሳል። የቀረውን ከራሱ አንደበት ስሙት፦

«ችግሬ የጀመረው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አንዲት ባልቴት፣ የጎረቤታችን አክስት፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው ለማከራየት በሬዎቻቸውን ሸጠው መጡ። ‹ልጄ፣ መቼ ያልቃል?› አሉኝ። ደንበኛ እንዳያመልጠኝ ‹በሁለት ሳምንት፣ እማማ!› አልኳቸው። በሳምንቱ ሲደውሉ ‹ተልኳል፣ አያስቡ› አልኩ። እሳቸው ‹አለቀ› ያልኳቸው መስሏቸው ሃያ ኩንታል ሲሚንቶ ገዝተው ላስቲክ አለበሱት። ለካስ ፋይሉ ተመልሶ ኖሯል! ‹ቤቱ ከወሰኑ ያለው ርቀት ይስተካከል› የሚል መልእክት ኢሜይሌ ውስጥ ሃያ ቀን ተኝቷል፤ አላየሁትም። ዝናቡ ገባ፣ ሲሚንቶው ድንጋይ ሆነ። እማማ አልተሳደቡም። ‹ልጄ፣ እኔ ኢንተርኔት አላውቅም፤ የማውቀው አንተን ነበር› ብቻ አሉኝ።

«ከዚያ ወዲህ በእሳቸው በር አላልፍም። እጮኛዬ ደግሞ ‹ሰው ጉዳይ ገዳይ እያለህ ነው፤ ዝጋውና አዲስ አበባ እንሂድ፤ አለዚያ ቀለበትህን ውሰድ!› ትለኛለች። ሌላው ደንበኛዬ ‹ለባለሙያው የሻይ ስጥልኝ› እያለ ገንዘብ ይልክልኛል። ምን ላድርግ?»

ፖስተኛ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም!

ወንድማችን፣ ጥፋትህ መላክህ አይደለም። የማትሰጠውን ነገር መሸጥህ ነው! «በሁለት ሳምንት ያልቃል» ስትል የቢሮውን ውሳኔ በራስህ አፍ ሸጥክ።

እስቲ ሩቅ አገር ደርሰን እንምጣ። እንግሊዞች በ2002 እ.ኤ.አ. ፕላኒንግ ፖርታል የሚባል የኢንተርኔት መስኮት ከፈቱ። ቤት መሥራት ወይም ማስፋት የፈለገ ሰው ማመልከቻውን እዚያ ያስገባል። ነገር ግን ፖርታሉ ራሱ አይፈቅድም፣ አይከለክልም፤ ፋይሉን ተቀብሎ ለአካባቢው ምክር ቤት ያደርሳል፣ አበቃ! የእኛዋ አዲስ አበባም የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻን በኢንተርኔት መቀበል ጀምራለች፤ ፕላኑን የሚመረምረው ግን ያው ሰው ነው። ኮምፒዩተር ፋይልን ያፈጥናል፤ የጎደለን ፋይል አይሞላም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኛ የምትናገራቸውን ሦስት ቃላት ለያይ፦ ተልኳል፣ ተመልሷል፣ ተፈቅዷል። እማማን የጎዳቸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው መደባለቃቸው ነው። ኢሜይልህንም ጠዋትና ማታ ክፈት! መልስ በመጣበት ዕለት ለደንበኛው ደውል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ጽሑፍ መላክ ምንም እንዳለመላክ ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

የተሟላ ፋይል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፦ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ»። እንደ እማማ ያለችው ምድር ቤት «ሀ» ውስጥ ስትወድቅ፣ ፎቁ ወደ «ለ»፣ ፋብሪካው፣ የሕዝብ መገልገያውና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ደግሞ ወደ «ሐ» ይሄዳል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ሥዕልና የባለሙያ ዓይነትም ይበዛል። ታዲያ ሕግ ይሻሻላል፣ የከተማውም ፕላን ይለወጣልና ፋይል ከማዘጋጀትህ በፊት የወቅቱን ዝርዝር ከቢሮው ጠይቀህ ግድግዳህ ላይ ለጥፍ። የእማማን ፋይል የመለሰችው የወሰን ርቀት እኮ አስቀድማ ልትታወቅ ትችል ነበር!

ዋጋህንም ለፋይሉ እንጂ ለፈቃዱ አታድርግ። «ሲፈቀድ ትከፍለኛለህ» ያልክ ቀን፣ ሳታስበው ቢሮ ውስጥ ሰው መፈለግ ትጀምራለህ። አገልግሎት ሰጪና ጉዳይ ገዳይ የሚለያዩት እዚች ላይ ነው። የሻይ የተባለውን ገንዘብ ዛሬውኑ መልስ! የ2007 ዓ.ም. የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያስጠይቃል፤ መሐል ቆመህ «እኔ አቀባይ ብቻ ነኝ» ብትል አያድንህም።

አደራ አለብህ

አንድ ነገር አስብ፦ ስልክህ ውስጥ የስንት ሰው ካርታ፣ የስንት ሰው መታወቂያ አለ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ እንደ ልብ የሚያዝ እንዳልሆነ ደንግጓል። ለምን እንደምትይዘው ንገራቸው፣ አስፈርማቸው፣ ሥራው ሲያልቅ አጥፋው። ኦሪጅናል ካርታ ቤትህ አታሳድር። ፎርሙና ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ፣ ፕላኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ደንበኛው ሳይገባው እንዲፈርም አታድርግ። በሚገባው ቋንቋ አስረዳው።

ወረቀቱንም አትናቅ። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲቋረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፍቶ እንደነበር የአምቦ ሰው አይረሳውም። የእያንዳንዱ ፋይል አንድ ኮፒ ደንበኛው እጅ፣ የላክበትና መልስ ያገኘህበት ቀን ደግሞ ደብተርህ ላይ ይኑር።

በእናንተ አገር ይኼ ጉዳይ ከጨዋነትም በላይ ነው። በሚያዝያ 2006 «ማስተር ፕላን» በሚባል ቃል የተነሳ አምቦ ውስጥ ሕይወት ጠፍቷል። በኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ የተነሳው ተቃውሞ አገሩን አዳርሶ፣ በጥር 2008 አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚመለከተው ያ ፕላን ቀረ። ሰዉን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ መሬቱ ላይ ሳያማክሩት መወሰኑ ነበር። አንተም የሰው ቤት ጉዳይ ከባለቤቱ ተደብቆ ኢሜይልህ ውስጥ እንዲተኛ አትፍቀድ።

አሁን ምን ይደረግ?

መጀመሪያ እማማ ቤት ሂድ። ብቻህን ከፈራህ ጎረቤትህን ይዘህ ሂድ፤ ግን ሂድ! «ጥፋቱ የእኔ ነው» በል። ፕላኑን ያለ ክፍያ አስተካክለህ አስገባ። የሲሚንቶውን ኪሳራ በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩና ድርሻህን በየወሩ ክፈል። ኪስህን እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ግን በትንሽ ከተማ ውስጥ የታመነ ስም ያለው ሰው ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

እጮኛህንም አትቀየማት። እሷ የፈራችው ኮምፒዩተሩን አይደለም፤ «የጉዳይ ገዳይ ሚስት» መባልን ነው። ደብተርህን፣ ደረሰኝህን፣ የመለስከውን የሻይ ገንዘብ አሳያት። ከዚያ በኋላም አዲስ አበባ እንሂድ ካለች ተመካከሩ፤ ግን ከእማማ በር እየሸሸህ አትሂድ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ሱቁን አትዝጋ፣ አጠባበቅህን ለውጥ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ፋይላችሁን ለሰው ስትሰጡ «ተልኳል» ሲላችሁ «ለማን? መቼ? መልሱስ?» በሉት። ቸር ይግጠመን!