ከፍየል ቆዳ እስከ ውቅር ዓለት፤ ኪነ ጥበብና ሳይንስ በዋግና በላስታ

ኒሯቅ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። ዋግ ኽምራን ለሚያውቅ ሰው አበርገሌ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ፍየል ነው። «የአበርገሌ ፍየል» ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ በእንስሳት ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ይሠራበታል። ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ሳይንስ ዝምድና የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይጀምራሉ። ይህ ዳሰሳ ግን ከፍየል ቢጀምር ነውር የለበትም፤ የግዕዝ መጻሕፍት ለዘመናት የተጻፉት በፍየልና በበግ ቆዳ ላይ ነውና።

ቆዳ ለከረጢት ወይም ለጫማ ሲፈለግ ይለፋል። ብራና ግን አይለፋም። ብራና ፋቂው ቆዳውን ይዘፈዝፋል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ወጥሮ ያስረዋል፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ይፍቃል፣ ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ጠፍሩን ደጋግሞ ያጠብቃል። በዚህ ጊዜ የቆዳው የኮላጅን ቃጫዎች ከገጹ ጋር ትይዩ ተኝተው፣ በስስ ንብርብር ተደራርበው ይደርቃሉ። ብራና ጠንካራና ነጣ ያለ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ፋቂው የኮላጅንን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ መቼ ማጥበቅ፣ መቼ መተው እንዳለበት ግን ጣቱ ያውቃል። ጥቁሩ ቀለምም እንዲሁ ነው። ጥላሸትና የተቃጠለ እህል ከሙጫ ጋር ተዋህዶ ለረጅም ጊዜ ይብላላል። የዚህ ቀለም ዋና አካል ከሰል፣ ማለትም ካርቦን ነው። በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የብረት ቀለም ከዘመን ብዛት ገጹን እየበላ ቤተ መጻሕፍትን ሲያስቸግር ኖሯል፤ ካርቦን ግን ገጽ አይበላም። ጸሐፊው በወስፌ ቀዳዳ ነጥቦ፣ መስመር አስምሮ፣ ዓምዱን ከፍሎ፣ በመጨረሻ የገጹን ጌጥ፣ ሐረጉን፣ ሲስል ኬሚስትም፣ ጂኦሜትሪ አዋቂም፣ ሠዓሊም ነበር። ሦስቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይገናኙ ነበር።

ዛሬ ሳይንስ ወደዚሁ ብራና በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። አድዋ አጠገብ በሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌላት የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሥዕሉን አይተው 10ኛው ወይም 11ኛው መቶ ዘመን ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ዣክ መርሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ቅንጣት ብራና በኦክስፎርድ በካርቦን 14 ሲያስመረምር ውጤቱ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ምርመራው የሚለካው ሥዕሉን አይደለም። እንስሳው ሲሞት ካርቦን መቀበል ያቆማል፤ የሚቆጠረውም ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። የሥዕሉን ዕድሜ የነገረን ሥዕሉ የተሣለበት እንስሳ የሞተበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በዓይን ብቻ የሚፈርድ የጥበብ ታሪክ እስከ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ሊስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በሌላ በኩል፣ ሠዓሊው ምን እንደተመለከተና ከማን እንደተማረ ካርቦን አይነግረንም፤ ለዚያ አሁንም የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

ከብራና ወደ ሕንፃ እንሻገር፤ የዋግና የላስታ ትልቁ ጉዳይ እዚያ ነው። ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ ሲወረድ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ በነጭ ልስን፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት እየሆነ ከታች እስከ ላይ ይወጣል። ጎብኚ ሁሉ ይህን ነጭና ጥቁር ሲያይ «እንዴት ያለ ጌጥ ነው!» ይላል። ጌጥነቱ አይካድም፤ መነሻው ግን ሌላ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከላይ የሚጫነውን ክብደት በደንብ ይሸከማል፤ ወደ ጎን ሲሳብ ወይም መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ይላቀቃል። መሳብን የሚችለው እንጨት ነው። ግንበኛው በየረድፉ ረጅም ወራጅ አጋድሞ፣ በግድግዳው ውፍረት አጫጭር ግንድ አሳልፎ አሰረው። የአጫጭሮቹ ግንዶች ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ሲታይ «የዝንጀሮ ራስ» ተባለ። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የመጣ ነው፤ በትግራይ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ሌላው ሕያው ምስክር ነው።

አሁን ላሊበላ እንድረስ። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ነው፤ መታሠር የሚያስፈልገው አንድም መገጣጠሚያ የለውም። ሆኖም ግድግዳው ላይ ያው ወጣ ገባ ረድፍ በጥንቃቄ ተቀርጿል፤ የሌለ ወራጅ በድንጋይ ተመስሏል። በአክሱም ሐውልቶች ላይም ፎቅ፣ መስኮትና የዝንጀሮ ራስ በአንድ ቋጥኝ ላይ ተቀርጸው እናያለን፤ ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የቆመው ሐውልት አንዱ ነው። እንጨቱ ቀድሞ የነበረው እንዳይፈርስ ነው። በኋላ ግን የሕዝቡ ዓይን ለመደው፤ ያለዚያ ረድፍ ያማረ ቤት አልታይ አለ። መሐንዲስ ለጥንካሬ ያመጣውን ሠዓሊ ለውበት ወረሰው። በእኔ አስተያየት የኪነ ጥበብና የሳይንስ ዝምድና በኢትዮጵያ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ግድግዳ የተሻለ መልስ የለም፤ ከአውሮፓ ህዳሴ ምሳሌ መበደርም አያስፈልገውም።

የላሊበላ ጠራቢዎች ከላይ ወደ ታች ነው የሠሩት። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ዓለቱን ነጠሉ፤ ከዚያ ውስጡን አወጡ። የግንብ ሥራ ቢሳሳት ይፈርሳል፣ እንደገና ይገነባል። ከዓለት የተቆረጠ ግን አይቀጠልም። ስለዚህ አንድ መዶሻ ከማረፉ በፊት የምሰሶው ቦታ፣ የቅስቱ ቁመት፣ የመስኮቱ ስፋት ሁሉ በሐሳብ ያለቀለት መሆን ነበረበት። የውኃው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ ክረምት ሲመጣ ገንዳ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ የግቢው ወለል ዘቅዘቅ ተደርጎ፣ ጎርፉ በቦይ እየተቀባበለ እንዲወጣ ተደርጓል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ሰው መስቀሉን ያያል፤ ውኃው የሚሄድበትን ግን እምብዛም አይመለከትም። መስቀሉን ለዘመናት ያቆየው ያ ቦይ ነው።

የዓለቱና የውኃው ነገር ዛሬ የጂኦሎጂ ጉዳይ ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስፋወሰን አሥራትና ዮዲት አያሌው የላሊበላን ዓለት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ፣ ዓለቱ ቀዳዳ የበዛበት እሳተ ገሞራ ወለድ ባዛልት መሆኑን፣ ስንጥቅና ውኃ ዋና ጠላቶቹ መሆናቸውን አሳይተዋል። ለመጥረብ ያመቸው ልስላሴው ነው፤ የሚያፈርሰውም ያው ልስላሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ። ዝናቡን ከለከሉ፤ ግን እይታውን ጋረዱ፣ ሰማዩን ሸፈኑ፤ ካህናቱና ነዋሪውም ነፋስ ቢጥላቸው ምን ይውጠናል ብለው ይሰጋሉ። ዓለቱን ያዳነ መፍትሔ የቦታውን መልክ ሲጎዳ ጥፋቱ የማን ነው? የመሐንዲሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲነደፍ ሠዓሊና ካህን አጠገቡ ቢቀመጡ ኖሮ ሌላ መልክ ይወጣ ነበር።

ሦስተኛው የኪነ ጥበብና የሳይንስ መገናኛ ቁጥር ነው። በቤተ ክርስቲያን በዓመቱ ውስጥ በየትኛው ቀን የትኛው ዜማ እንደሚባል የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት ነው፤ ስሌቱ ሲንቀሳቀስ ዜማው አብሮ ይንቀሳቀሳል። የ2018 ዓ.ም. ሒሳብ እንይ። 5500 እና 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። የሁለቱ ድምር 30 ነው፤ 11ና 19 ድምራቸው 30 ስለሆነ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይሰምራል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ለቀኑ የተመደበው ጭማሪ) 7 ነው፣ ድምሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ያርፋል። ጾመ ድጓው፣ ሰሙነ ሕማማቱ፣ የትንሣኤው ዝማሬ ሁሉ በዚህ ገመድ ታስሯል።

የ19 ዓመቱ ዑደት ከግሪኮች ዘመን የታወቀ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር የሚለያዩት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው ታላቅ የሒሳብ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ግዕዙ የከዋክብትና የዘመን ቁጥር ትምህርት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ግን እናወድስ ብለን አንዋሽ። ሊቃውንቱ ቀመሩን በቃል ይዘው፣ ሳያዛንፉ አስተላለፉት፤ ሰማዩን ራሱን እያዩ ቀመሩን የማረም ልማድ ግን አልዳበረም። ጥበቡ ሳይንሱን ጠበቀው፤ አላሳደገውም።

በዜማው በኩል ያለው ግን የተለየ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ ሂደት የሚባሉት ምልክቶችና ከቃላቱ በላይ በቀይና በጥቁር የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ተማሪው ቀድሞ በጆሮው የያዘውን የዜማ ሐረግ ያስታውሱታል። መምህር ለሌለው አንባቢ አይፈቱም። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ባወጧቸው ሦስት ቅጾች ይህን ሥርዓት ለዓለም የሙዚቃ ጥናት አስተዋውቀዋል።

ስለ ስፌትም ጥቂት ልበል፤ በሴቶች እጅ ያለ ሒሳብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሞሰብ የምትሰፋ ሴት ከመሐል ተነሥታ እየዞረች ትወጣለች። ክቡ በሰፋ ቁጥር የዙሪያው ርዝመት ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን በየዙሩ እኩል ነው። አለላው ላይ ያለው መስቀል ወይም ኮከብ ሳይዛነፍ እስከ ጫፍ እንዲደርስ ስፌቱን በዚያው ልክ ማብዛት አለባት። በወረቀት ላይ ቀመር ሳትጽፍ ታደርገዋለች።

ታዲያ ኪነ ጥበብና ሳይንስ መቼ ተለያዩ? በዘመናዊ ትምህርት ቤት ይመስለኛል፤ ሆኖም መለያየቱ ሲሞከርም አልሰመረም። ሠዓሊው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ተመልሰው ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም መስታወት ሠሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የብራና ሥራ አዋቂ ልጅ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግብርና ሳይንስ ጀምሮ ወደ ኮሎኝ ሄዶ ሠዓሊ ሆነ። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ የገባው ምሕንድስና ሊማር ነበር፤ ከአሜሪካ ኢትዮ ጃዝን ይዞ መጣ። እሱ ራሱ በደቡብ ኢትዮጵያ ስለሚኖሩት የደራሼ ሰዎች የቀርከሃ ዋሽንት ደጋግሞ ያነሳል፤ የሙዚቃ ሳይንቲስቶች ናቸው ይላቸዋል። አገሪቱ ሁለት መሐንዲስና አንድ የግብርና ባለሙያ ፈልጋ ሦስት ከያኒ አገኘች። አልከሰረችም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ 70 በ30 የሚባል ድልድል ወጣ፤ 70ው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ለቀረው። ጥበባት ከዚያ 30 ውስጥ ምን ያህል እንደደረሳቸው መገመት አያቅትም። ደራሲው ሲ. ፒ. ስኖው እ.ኤ.አ. በ1959 በካምብሪጅ ሁለቱ ባህሎች ተራርቀዋል ብሎ ያማረረው የእንግሊዝን ጉዳይ ነበር፤ እኛ ግን ያንኑ አጥር በሰነድ አጠርነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ ልመለስ። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከዓለት የተፈለፈለ ነው፣ የዋግ ሹማምንት የሚባሉ ሰዎች አስከሬንም ደርቆ በሣጥን ተቀምጦበታል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ለክቶ መዝግቧቸዋል። ለዋጉም ያው ይገባዋል። የጂኦሎጂ ክፍሎችና የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን በአንድ መኪና ይላኩ፤ አንዱ ስንጥቁን ይለካ፣ ሌላው ቅርጹን ይሣል፣ ሦስተኛው የደብሩን ካህናት ይጠይቅ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።