የጣት ምት ለጭንቀት

በአቡ ዳቢው ሳዲያት ደሴት ቪላዎች ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል ይውሉና ጭንቀታቸውን በአማርኛ የሚተነፍሱለት ሰው ያጣሉ። ደሴቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ሉቭር አቡ ዳቢ ሙዚየምና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያሉበት ነው። የቤት ሠራተኛዋ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ለመድረስ ፈቃድም፣ ገንዘብም፣ ቋንቋም ያስፈልጋታል። ስለዚህ ምንም የማያስከፍለውን፣ የመኝታ ክፍልን በር ዘግቶ የሚሠራውን «ታፒንግ» የተባለውን የጣት ምት ማወቅ ይጠቅማታል፤ የሚችለውንም የማይችለውንም።

በመጀመሪያ የሚያስጨንቃትን አንድ ነገር ትመርጣለች፤ የእናቷን ሕመም ወይም የዘገየ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል እንደከበዳት ትገምታለች። ከዚያ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን የመዳፏን ጠርዝ በሌላው እጇ ጣቶች መታ መታ እያደረገች ጭንቀቷን በስሙ ትጠራለች፤ ቢጨንቃትም ራሷን እንደምትቀበል ትናገራለች። ቀጥሎ ቅንድብ፣ የዓይን ዳር፣ ከዓይን በታች፣ ከአፍንጫ በታች፣ አገጭ፣ አንገት ሥር ያለው አጥንት፣ ከብብት በታች፣ አናት፤ እያንዳንዱን ሰባት ጊዜ ያህል። በመጨረሻም ቁጥሩን ትመለከታለች፤ ካልወረደ ትደግመዋለች።

መነሻው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮጀር ካላሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ውኃ የምትፈራ ታካሚው ፍርሃቱ ሆዷ ውስጥ እንደሚሰማት ነገረችው። እሱም በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከጨጓራ ጋር ይያያዛል የሚባለውን ከዓይኗ በታች ያለውን ቦታ መታ መታ እንድታደርግ አዘዛት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጋሪ ክሬግ የተባለ መሐንዲስ ዘዴውን አቃለለውና ማንም ብቻውን የሚሠራው ሆነ።

ነጥቦቹ የኃይል መተላለፊያ ናቸው የሚለውን እኔ አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት አንዱን ቡድን ትክክለኛ የተባሉትን ነጥቦች፣ ሌላውን ክንድ ላይ የተመረጡ የዘፈቀደ ቦታዎች፣ ሦስተኛውን አሻንጉሊት አስመታ። የሦስቱም ፍርሃት ቀነሰ፤ ምንም ያልመታው ቡድን ግን ይህን ያህል ለውጥ አላሳየም። እንደኔ እምነት የሚረዳው ፍርሃትን ሳይሸሹ በስሙ መጥራትና ትንፋሽን ማረጋጋት ነው፤ የምቱ ወጥነት ደግሞ የተበተነ ሐሳብን ይሰበስባል። ጭንቀቱን ሆድ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ መናገር ይሻላል፤ የምታምናት ጓደኛ በስልክ አብራት ብትሆን ደግሞ እሰየው።

የደረሰባት ግፍ ትዝታ ሲመጣባት ግን ብቻዋን አትግፋው፤ ታቁም። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች ሐኪም ያስፈልጋታል። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ አትጠብቅ፤ በአቡ ዳቢ የአምቡላንስ ቁጥር 998 ነው።