ለበረዶ የተሠራ ካሜራ በቀወት ፀሐይ

ሻጩ ካሜራውን ከመስታወቱ ውስጥ ከማውጣቱ በፊት ስልኩን ከፍቶ ማስታወቂያ አሳየኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ተራራው ድፍን ነጭ፤ አናቱ ላይ ካሜራ ያሰረ ወጣት በበረዶ ሸርተቴ ቁልቁል ይወረወራል። ምስሉ አይንቀጠቀጥም፤ የበረዶው ብናኝ እንኳ ሳይቀር ይታያል። «እዚያ ላይ እንዲህ ከቀረጸ እዚህማ ምን ያቅተዋል?» አለኝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለሌሎች ደንበኞች ስጽፍ የምውለው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ከፍዬ ወጣሁ።

ካሜራውን የፈለግሁት ለፋሲካ ጉዞ ነበር። ሁላችንም «እምዬ» የምንላቸው የእናቴ እናት የሚኖሩት በሰሜን ሸዋ፣ ቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄና የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ስለ እርሳቸው የሚያውቁት በስልክ የሚሰሙትን ምርቃት ብቻ ነበር። ወጋቸውን በድምፃቸው ቀርጬ ለልጆቹ ላስቀምጥ አሰብሁ።

በበዓሉ ማግስት ምሳ ተበልቶ ቡና ሲቀራረብ ካሜራውን ግቢው ውስጥ ካለ ቋሚ እንጨት ጋር አሰርሁት። ጥራቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁና እኔም ከሰው ጋር ተቀመጥሁ። እምዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ከደጋ በበቅሎ ተጭነው፣ ሙሽራ ሆነው ወደ ቆላ ስለወረዱበት ቀን አወጉን። ልጃቸውን ወባ እንዳይበላባቸው ስላለቀሱት እናታቸው፣ በእጃቸው ስላጨዱት የመጀመሪያ ማሽላ ነገሩን። ልጄ ዓይኗን ከፊታቸው አልነቀለችም።

ማታ ስንከፍተው ቪዲዮው 18 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘነው። አብዛኛው ሳህን ሲነሣና ቄጠማ ሲጎዘጎዝ የሚያሳይ ነው። እምዬ «እኔ ወደዚህ አገር ስወርድ...» ብለው ሲጀምሩ ያበቃል። ካሜራው ፀሐይ ላይ ሞቆ ራሱን አጥፍቶ ነበር። ያቺው አንዲት ዓረፍተ ነገርም ከነፋሱ ጩኸት ተለይታ የምትሰማው በግድ ነው።

ስኪውና ጣርማ በር ምን አገናኛቸው?

አዲስ አበባ እንደተመለስን ዴንቨር ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደውዬ አማረርሁ። እርሱ በበረዶ ወራት ልጆቹን ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እየወሰደ ስኪ ያስለምዳቸዋል። ሳቀብኝ። «እዚህ ካሜራውን የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ነው፤ አንቺ እኮ ፀሐይ ላይ አቁመሽ ጠበስሽው!» አለኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። አክሽን ካሜራ የሚባሉት ትንንሽ ካሜራዎች የተፈጠሩት ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። የጎፕሮ መሥራች ኒክ ውድማን እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ካሜራ የታሰበው በባሕር ማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ነበር። ውኃ እንዳያስገቡ ተብለው የታሸጉ፣ ብዙዎቹም ሙቀት የሚያስወጣ ማራገቢያ የሌላቸው ናቸው። የሚሮጥ ሰው ላይ ሲታሰሩ ነፋሱ ያቀዘቅዛቸዋል። አንድ ቦታ ቆመው በከፍተኛ ጥራት ሲቀርጹ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

አገራችን ከበረዶ ስፖርት ጋር ጨርሶ አትተዋወቅም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ለአብዛኞቻችን ግን ቁልቁለት ማለት ጣርማ በር ነው። እርሱም ቢሆን ካሜራን ይፈትናል።

ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ በደብረ ብርሃን ብርድ አልፈው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ያገኙታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውንና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ሲወጡ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው ትንሽ እንደተጓዙ ካፖርቱ ይወልቃል፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ ጥላ ፍለጋ ይጀመራል። ካሜራዎ በአንድ ጠዋት ብርድ፣ ጉም፣ ጨለማ፣ አቧራና ሙቀት ያያል ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

በመጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፦ የምቀርጸው የሚሮጥ ነገር ነው ወይስ የሚናገር ሰው? ልጆችዎ ብስክሌት የሚነዱ፣ የሚዋኙ ወይም ተራራ የሚወጡ ከሆነ አክሽን ካሜራ ዋጋውን ያወጣል። ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ ደረት ላይ ይታሰራል፤ የምስሉን መንቀጥቀጥም ራሱ ያረጋጋል። ቡና ላይ የተቀመጡ አያት ለመቅረጽ ከሆነ ግን በእጅዎ ያለው ደህና ስልክ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አክሽን ካሜራ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ውስጥ ይደክማል፤ ቤት ውስጥ የተቀረጸው ምስል ጥርት አይልም።

ስልክም ቢሆን የራሱ ገደብ አለው። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ በላይ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ስልክም ሆነ ካሜራ ከመኪናው መስታወት ሥር ትተው አይውረዱ።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ደጋግሞ የሚጠራልዎ «4ኬ» እና «5ኬ» የሚባለውን ነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ነው፦

- ውጪያዊ ማይክራፎን ይቀበላል? አንዳንዱ ለብቻው የሚገዛ ማገናኛ ይፈልጋል።
- ባትሪው ይወልቃል? ትርፍ ባትሪውስ እዚሁ ይገኛል?
- ሳይቋረጥ ስንት ደቂቃ ይቀርጻል? ሻጩ ከፈቀደ 20 ደቂቃ ከፍተው ያቆዩትና ይዳስሱት።
- ሚሞሪ ካርዱ «ቪ30» የሚል ምልክት አለው? ይህ ካርዱ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት እየጻፈ እንደሚዘልቅ ያሳያል።

ሐሰተኛ ካርድ ገበያው ላይ አይጠፋም። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ቢልም ውስጡ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ቤት እንደገቡ በኮምፒውተር ፋይል ጢም አድርገው ይሙሉትና ሁሉም መልሰው መከፈታቸውን ያረጋግጡ። ጉዞ ላይ ከሚደርስ ይልቅ ቤት ውስጥ ቢታወቅ ይሻላል።

ስለ ቦታም ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። አይፎን ቦታ በሚቆጥበው ቅርጸት በ4ኬ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በሰዓት ከ10 ጊጋባይት ይበልጣል። በተለመደው 1080 ጥራት ግን በደቂቃ 60 ሜጋባይት ይበቃዋል። ለረጅም ወግ 1080 ይምረጡ። ስልኩም ብዙ አይሞቅም፣ ቦታውም አያልቅም።

መንገድ ላይ

ብርድ ባትሪን ያደክማል። የበረዶ ተንሸራታቾች ትርፍ ባትሪያቸውን ከካፖርታቸው ውስጥ፣ ከሰውነታቸው አስጠግተው ይይዛሉ። ጣርማ በር ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ለመቅረጽ በማለዳ የሚወርዱ ከሆነም ይህ ዘዴ ይሠራል።

ጉሙ ውስጥ ሲወርዱ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በነጠላ ጫፍ ግን አይሆንም፤ የተጣበቀው አቧራ ይጭረዋል። መኪናዎ ኤሲ ካለውና ቆላው ሞቆና ወብቆ ከጠበቀዎት፣ ከቀዝቃዛው መኪና የወጣ ሌንስ ላብ ያወጣል። ካሜራውን ከነቦርሳው ዘግተው ለሩብ ሰዓት ያቆዩትና ያውጡት።

ዋሻው ውስጥ ካሜራው ጨለማውን ለማካካስ ብርሃኑን ይከፍተዋል፤ ሲወጡ ምስሉ ለጥቂት ጊዜ ድፍን ነጭ ይሆናል። ልጆች ይህን ይወዱታል። ገደሉንና መስኩን ማየት ከፈለጉ ግን ከዋሻው ወጥተው፣ መኪናው አስተማማኝ ቦታ ሲቆም ይቅረጹ። የሚነዳው ሰው ካሜራ አይነካም።

ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ። ኬላ፣ ወታደርና ማረሚያ ቤት አይቀረጹም። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዘው አይሂዱ። ከሸዋ ሮቢት አልፈው የእሑዱን የሰንበቴ ገበያ ለማየት ከሄዱ፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት ድንቅ ቦታ ነው። ሆኖም ሰው ወደ ገበያ የመጣው ሊቀረጽ አይደለም። አስቀድመው ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉም አመስግነው ይለፉ።

ነጭ ነጠላና ነፋስ

ከስኪ ሜዳ የተማርሁት ትልቁ ነገር ስለ ነጭ ቀለም ነው። ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው ይመስለዋል። በረዶ ሲያይ «በጣም በራ» ብሎ ምስሉን ያጨልመዋል፤ የሰውየው ፊትም አብሮ ይጠቁራል። እኛ ዘንድ በረዶው ነጠላ ነው። ቀትር ላይ ነጭ የለበሱ እናት ሲቀርጹ ልብሱ ያምራል፣ ፊታቸው ግን ይጨልማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥላ ውስጥ ያስቀምጧቸው፤ ከኋላቸው የተከፈተ በር ወይም የሚያበራ ሰማይ አይሁን። ስልክዎ ላይ ፊታቸውን በጣትዎ ተጭነው ይያዙና ብርሃኑን እዚያው ይቆልፉ።

ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሲቀርጹ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ካሜራው ላይ በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም የሚለውን ይምረጡ።

ድምፅ ከምስል ይቀድማል። የደበዘዘ ምስል ላይ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ወግ ይሆናል፤ ድምፁ የጠፋ ጥርት ያለ ምስል ግን አፍ ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻ ነው። ልብስ ላይ የምትቆነጠጥ፣ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ ያላት ትንሽ ማይክራፎን ይግዙ። ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገው ያያይዟት። ነጠላው እንዳያሻሻት ይጠንቀቁ። ማራገቢያ ካለ ያጥፉ። ከዚያ 30 ሰከንድ ቀርጸው ያዳምጡ። እኔ ይህችን ግማሽ ደቂቃ ብሰጥ ኖሮ ሁሉንም አውቀው ነበር።

ቀረጻው እየሄደ መሆኑን የሚከታተል አንድ ሰው ይመድቡ። በእኛ ቤት ሁላችንም እምዬን ስናይ ካሜራውን ያየ አልነበረም።

ሲጨርሱም ካርዱን አጥፍተው መልሰው አይጠቀሙ። በዚያው ማታ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ፤ ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ ከተቻለም በሌላ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። ፋይሉን «ቪዲዮ 0047» ብለው አይተዉት። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ የት እና መቼ እንደተቀረጸ ይጻፉበት።

ሁለተኛው ጉዞ

በቀጣዩ ዓመት ለጥምቀት ተመልሰን ወረድን። ካሜራውን ለልጄ ደረት ማሰሪያ ትቼ፣ ስልኬን በመቆሚያ ላይ ማንጎው ጥላ ሥር አቆምሁ፤ ማይክራፎኗንም እምዬ ቀሚስ ላይ ሰካሁ። «ደግሞ ይቺ ትል ምንድን ናት?» ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ አለን። ስለ ማሾ ዘር፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ እናቴን ስለወለዱበት ሌሊት 40 ደቂቃ አወሩን።

የበቅሎውን ጉዞ እንዲደግሙልን ስጠይቃቸው ግን «ያንንማ ነግሬያችሁ የለ!» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። አልጨቀጨቅኋቸውም።

እምዬ ባለፈው ኅዳር ዐረፉ። በአርባቸው ዕለት ያንን 40 ደቂቃ ከቤተሰቡ ጋር ሆነን ሰማነው፤ መምጣት ያልቻለው የዴንቨሩ የአጎቴ ልጅም በስልክ አብሮን ሰማ። ሲያበቃ ልጄ ተጠጋችኝና «የበቅሎው የታለ?» አለችኝ። እንደሌለን ነገርኋት። ትንሽ አስባ «እኔ እኮ አስታውሰዋለሁ» አለች።

ማይክራፎኗን ከቦርሳዬ አውጥቼ ልብሷ ላይ ሰካሁላት። 30 ሰከንድ ቀርጸን አዳመጥን፤ ደህና ይሰማል። ከዚያ የወባውን ፍራት፣ የእናትየውን ልቅሶና የበቅሎዋን ቀለም ሳይቀር ተረከችልኝ። ፋይሉ ላይ የእርሷን ስም፣ ቀኑንና «እምዬ እንደነገሩኝ» የሚለውን ጽፈንበታል።