እውነት ወይስ ተረት? ስትሮክ የመታው ሰውና የደም ስኳሩ

ረጃፍ ከጁባ በስተደቡብ፣ ነጭ አባይ ዳር ናት። በጁባና በዙሪያዋ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው፣ ሱቅ ይዘው ወይም የውሃ ቦቴ እየነዱ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ድንገት አፉ ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝልና ንግግሩ ሲኮላተፍ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ዘመድ ይደወላል፤ በስልክም ምክር ይዘንባል። «መጋኛ ነው» የሚል አይጠፋም። እሱን በአጭሩ ልለፈው፦ እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ስትሮክ እንደያዘው ተቆጥሮ በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ስኳርን የሚመለከተው ምክር ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው።

«ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ለስላሳ አጠጡት»

የደም ስኳር በጣም ሲወርድ ስትሮክ መምሰሉ እውነት ነው። ግማሽ ሰውነት ሊዝል፣ አንደበት ሊያዝ ይችላል፤ ስኳሩ ሲስተካከል ሰውየው ይመለሳል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ለማንኛውም ሕመምተኛ ስኳር የሚለካውም በዚህ ምክንያት ነው። በግምት ማጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ስትሮክ መዋጥን ስለሚያውክ ለስላሳው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ ጣቱን ወግቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሩን ስትናገሩ ግን ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ በለመድነው ሚሊግራም 180 የሚሆነው ስኳር፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተለመደው ሚሊሞል 10 ነው። ከናይሮቢ የመጣ መለኪያ ይዞ «10 ነው» ያለ ሰው ስልክ ላይ ያለውን ዘመድ ያስደነግጣል፤ «ኧረ ወርዷል፣ ስኳር ስጡት!» ይባላል፤ ከፍ ባለው ላይ ይጨመርበታል። ሚሊሞሉን በ18 ማባዛት ነው። 3 ከሆነ 54 ነው፤ ያ በእርግጥ ወርዷል።

«የስኳር በሽታ የለበትም፤ ከፍ ያለው በድንጋጤ ነው»

ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ልክ ነው። «ስለዚህ አያሳስብም» የሚለው ነው ተረቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመና 32 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ የስኳር በሽታ የሌለባቸው የስትሮክ ሕመምተኞች ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ በአጭር ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱ የተሰጣቸውን የተከታተሉ የካናዳና የአውሮፓ መዝገቦችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ፦ ስኳሩ ከፍ ባለ መጠን የሚያገግመው ያንሳል፣ አንጎሉ ውስጥ የሚደማው ይበዛል።

ደም በተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ዙሪያ ገና ያልሞተ፣ ኦክስጅን ያነሰው ሥጋ አለ። በዚያ ላይ ስኳር ሲበዛ ወደ አሲድ ይለወጥና ያንኑ ሥጋ ይጎዳል። የደም ሥር ግድግዳም ይዳከማል፤ መድኃኒቱ መንገዱን ከፍቶ ደሙ ሲመለስ ያፈስሳል። የረጋው ደም ራሱም በቀላሉ አይሟሟም።

«ስኳሩ ከፍ ካለ መድኃኒቱ አይሰጠውም»

እ.ኤ.አ. በ1995 መድኃኒቱን ያስተዋወቀው የአሜሪካ ሙከራ ስኳራቸው ከ50 ሚሊግራም በታች ወይም ከ400 በላይ የሆነውን አላካተተም ነበር። ተረቱ የተወለደው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። በመካከሉ ያለ ቁጥር በራሱ አይከለክልም። ከዚያ ውጭ ከሆነም ስኳሩ ይስተካከላል፤ ምልክቱ ካልጠፋ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊሰጥ ይችላል። ጊዜው ግን አይጠብቅም፦ ሰውየው ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ በተለመደው አሠራር 4 ሰዓት ተኩል ነው። ተኝቶ ሳለ ከያዘው የሚቆጠረው ደህና ሆኖ ከተኛበት ነው።

«እንግዲያው ስኳሩን ቶሎ ዝቅ እናድርገው»

ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ያመኑበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው «ሻይን» የተባለው የአሜሪካ ሙከራ ይህን ፈተነ። 1,151 ሕመምተኞች ገቡበት፤ ከግማሽ በላዩ የሚያሟሟውን መድኃኒት ያገኙ ናቸው። የአንዱ ቡድን ስኳር በኢንሱሊን ከ80 እስከ 130 እንዲሆን ጥብቅ ክትትል ተደረገበት፤ የሌላው ከ180 በታች ከሆነ በቂ ነው ተባለ። ከ90 ቀን በኋላ በደህና ያገገመው በጥብቁ ቡድን 20.5 በመቶ፣ በሌላው 21.6 በመቶ ነበር። ልዩነት የለም ማለት ነው። ጉዳት ግን ነበረ፦ በጥብቁ ቡድን 2.6 በመቶ የሚሆኑት ስኳራቸው ክፉኛ ወረደ፤ በሌላው አንድም ሰው አልደረሰበትም።

ይህ ውጤት ያሳዝናል፤ ቀላል መፍትሔ የተገኘ መስሎ ነበርና። ለእኔ የሚያሳየኝ ከፍ ያለ ስኳር የጉዳቱ ተባባሪም ምልክትም መሆኑን ነው፤ ቁጥሩን መጎተት የተዘጋውን የደም ሥር አይከፍትም። ዛሬ ሆስፒታሎች የሚመከሩት ከ140 እስከ 180 እንዲያደርጉት ነው። ቤት ውስጥ የራሱን ኢንሱሊን «ለጥንቃቄ» መውጋት፣ እንዲሁም ሲቲ ስካን ሳይነሳ አስፒሪን ማዋጥ አይገባም፤ ስትሮኩ ከደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ አስፒሪን ያባብሰዋል።

ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት፣ ተለክቶ ከሆነ ስኳሩ ከነመለኪያው ዓይነት፣ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን መቼ እንደወሰደ፣ ደም ማቅጠኛ ይወስድ እንደሆነ። ከረጃፍ መኪና እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ይጻፈው።