ስስ አየርና አሮጌ ብረት፦ ትንንሽ ትራክተሮችን በደብረ ታቦር ከፍታ ማደስ

የጓሮ ትራክተር የሚባለው ከመደበኛው የእርሻ ትራክተር በብዙ እጅ የሚያንስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት፣ የአትክልት መደብ ለማረስ፣ ሣር ለማጨድና ትንሽ ጋሪ ለመጎተት የተሠራ ማሽን ነው። በአሜሪካ ዊል ሆርስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ከጀመረ፣ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተርም እ.ኤ.አ. በ1961 ከብ ካዴት የተባለውን ባለ 7 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ገበያ ላይ ካዋለ በኋላ፣ ይህ ማሽን የብዙ ቤተሰብ ንብረት ሆነ። ከእነዚያ ዓመታት የተረፉትን ከየመጋዘኑ ጥግ እያወጡ የሚፈቱ፣ የሚያድሱና በዓመት አንድ ቀን በአንድ ማሳ ተሰብስበው አብረው የሚያርሱ አፍቃሪዎች ዛሬ በየአገሩ አሉ። ብዙዎቹ ከዚህ ሥራ ትርፍ አይጠብቁም፤ የሚያስደስታቸው ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ የቆየ ሞተር ዳግም ሲነሣ መስማት ነው።

በኢትዮጵያ የጓሮ ትራክተር እምብዛም አይታይም፤ የቅርብ ዘመዱ ግን አለ። ይኸውም ነጂው ከኋላው እየተራመደ በሁለት ረጃጅም እጀታዎች የሚመራው፣ በእስያ የሩዝ ማሳዎች የተስፋፋውና በኢትዮጵያም ለአነስተኛ ገበሬዎች እንዲደርስ ሲሞከር የቆየው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። ከደብረ ታቦር በስተ ምዕራብ ቁልቁል የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ የገባበትና ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ የሆነው ስፍራ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የተመቸ ነው። ደብረ ታቦርም ብትሆን ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ያስቀለጡት ከከተማዋ አጠገብ ባለችው በጋፋት ነበር። ስለዚህ የሚከተለው ማብራሪያ አሮጌ ትንሽ ትራክተርን ስለ ማደስ በጠቅላላው ቢናገርም፣ መለኪያው የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው፤ ምክንያቱም በባሕር ጠረፍ ለሚኖር አዳሽ የተጻፈው መመሪያ ሁሉ እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከአየሩ ነው። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት የትም ቢሄድ ያው ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ አየር ሲስብ የሚገባው የኦክስጅን መጠን የሚወሰነው አየሩ ምን ያህል እፍግ እንደሆነ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ደግሞ 80 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ በብዙ ቻይና ሠራሽ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮች ላይ የሚገጠመው ኤስ 195 የተባለው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር 815 ሲሲ ይዘት ስላለው፣ በባሕር ጠረፍ በአንድ ጊዜ አንድ ግራም ያህል አየር ሲስብ፣ በደብረ ታቦር የሚስበው ከ0.7 ግራም ብዙም አይበልጥም። በመሆኑም ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት ሞተር በከተማዋ የሚሰጠው ከ9 ብዙም ያልዘለለ ነው። ይህ ጉድለት የዝገትም የእርጅናም ውጤት ስላልሆነ፣ አዲስ ፋሻ፣ ማለትም ፒስቶኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያገጥመውን ቀለበት፣ በመግጠም ወይም ቫልቭ በመሞረድ አይመለስም፤ አዳሹ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ጤናማ ሞተር ደጋግሞ ሲፈታ ይከርማል።

በቤንዚን ሞተር ላይ ስስ አየር ሌላ ችግር ያክላል። ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል፣ በጉሮሮው የሚያልፈውን የአየር ፍሰት ተከትሎ ነዳጅ ይለቃል እንጂ የአየሩን ክብደት የሚመዝንበት መንገድ የለውም። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለአንድ እጅ ነዳጅ በክብደት 14.7 እጅ አየር ያስፈልገዋል፤ ከፍታው ሲጨምር ግን አየሩ በክብደት የሚቀንሰው ነዳጁ ከሚቀንሰው በላይ ስለሆነ፣ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደብረ ታቦር ላይ ከሚገባው ከ15 በመቶ በላይ የበዛ ነዳጅ ያቀርባል። ምልክቱ በማርሚታ የሚወጣ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላና የሚንተባተብ ሞተር ነው። የድሮ ትራክተሮች ካርቡሬተር አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የምትዞር የነዳጅ መርፌ ስላለው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጭነት ተሰጥቶት መርፌዋ ጥቂት በጥቂት ትዘጋለች፣ ሞተሩ መድከም ሲጀምርም ትንሽ መለስ ትደረጋለች። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠልም የእሳቱን ጊዜ በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይጠቅማል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። በኤስ 195 ውስጥ አየሩ ወደ ሃያኛ እጁ ስለሚታመቅ፣ ምንም ባይባክን ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ይህ ሙቀት የሚወሰነው በእመቃው ልክና አየሩ ሲገባ በነበረው ሙቀት እንጂ በአየሩ ስስነት አይደለም። ስለዚህ ጤናማ የናፍጣ ሞተር ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጉና ተራራ ሥርም ቢሆን መነሣት ይችላል። በደብረ ታቦር የንጋት ብርድ አልነሣም የሚል ሞተር ብዙ ጊዜ እየሾለከ ያለ ሞተር ነው። የሚሾልክበትን ቦታ ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቮላኖውን፣ ማለትም ከባዱን የሞተር መዘውር፣ በእጅ እያዞሩ እስከ እመቃው ጫፍ ማድረስና ጆሮ ማስጠጋት ይበቃል። ፉጨቱ ከአየር ማስገቢያው ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ ከማርሚታው ከተሰማ የማስወጫው ቫልቭ፣ ከዘይት መሙያው ከተሰማ ደግሞ ፋሻው ታሟል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ዘይት በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምሮ እንደገና ይዞራል፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ስለሚደፍን እመቃው ከጠነከረ ጥፋቱ የፋሻው ነው።

ከፍታ ማቀዝቀዣውንም ይነካል። ብዙዎቹ አሮጌ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ባለ ክፍት ገንዳ የተሞላው ውኃ እየፈላ በእንፋሎት ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በደብረ ታቦር ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሞተሩ ከተሠራበት አገር ይልቅ እዚህ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል። ገንዳው ሲንተከተክ አይቶ ሞተሩ ጋለ ብሎ መደንገጥ ስለዚህ ቦታ የለውም፤ ሊያስደነግጥ የሚገባው የውኃው መጉደል ነው።

ስስ አየርና ብርድ አንድ ላይ ሲገጥሙ ትንሽ ትራክተር ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከእ.ኤ.አ. 1946 እስከ 1956 የተሠራውና ዛሬ በአዳሾች ዘንድ እጅግ የሚወደደው ፈርጉሰን ቲኢ 20፣ ከተራራ ወጪው ከኤድመንድ ሂላሪ ጓድ ጋር በበረዶው ምድር አንታርክቲካ ተጉዞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደርሷል። ደቡብ ዋልታ ያለው 2,835 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከደብረ ታቦር የሚበልጠው በመቶ ሠላሳ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

አየሩ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው የብረቱ ጉዳይ ነው። ብረት የሚዝገው ከውኃና ከኦክስጅን ጋር በአንድነት ሲገናኝ ሲሆን፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ የዝገቱ ፍጥነት በግልጽ ይጨምራል፤ የደቡብ ጎንደር ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል። ማርሚታው ሳይከደን በክረምት ደጅ ያደረ ሞተር በሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀምበትና ፋሻው ከግድግዳው ጋር በዝገት ይያያዛል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ፒስቶኑን በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ፒስቶኑ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ የሚሰበረው እሱ ነው። ልምድ ያለው አዳሽ ቀጭን ዘይት አፍስሶ ለቀናት ይተወዋል፣ ከዚያ ቮላኖውን ወዲያና ወዲህ ጥቂት ጥቂት ይነቀንቃል። አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በመጠኑ ማሞቅና ማቀዝቀዝ እየተፈራረቀ ሲደረግ በሁለቱ መካከል ያለው የዝገት ቅርፊት ይሰነጠቃል።

ለተፈቱት የብረት ክፍሎች ከብሩሽና ከአሸዋ ወረቀት የተሻለ ዘዴ በኤሌክትሪክ ዝገት ማስለቀቅ ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ለአራት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሟሟል፤ የዛገው ዕቃ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ጫፍ፣ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከአዎንታዊው ጫፍ ጋር ይያዛል። ጅረቱ ሲያልፍ በዕቃው ላይ የሃይድሮጅን አረፋ ይወጣል፣ ዝገቱም ይላላል፤ ጤናማው ብረት ግን አይነካም፤ የመሞረድ ዘዴ ሁሉ ይህን ማድረግ አይችልም። ሦስት ጥንቃቄዎች ግን አይዘለሉም። ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ ሥራው ደጅ፣ ከእሳት ርቆ ይሠራል፤ በአዎንታዊው ጫፍ የማይዝግ ብረት ከተሰቀለ መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ስለሚፈጠር ተራ ብረት ብቻ ይደረጋል፤ አልሙኒየም ደግሞ በሶዳው ስለሚበላ ከበርሜሉ አይገባም። ዕቃው እንደወጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት አለበት፤ ራቁቱን ያደረ ብረት በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይገኛል።

ብቻውን የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ ከመንገድ ይቀራል፤ የማኅበር ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ለስድሳ ዓመት ማሽን ኩሽኔታና ቺንጋ በልክ ቁጥር ከተፈለገ ዛሬም ይገኛል፣ ምክንያቱም መጠናቸው ዓለም አቀፍ ነው፤ ጓርኒሲዮን ከወረቀት ይቀደዳል፤ ቦኮላ በቶርኖ ይቀረጻል። የማይገኘው የሌላው ሰው ልምድ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ልምድ ካቆዩት መካከል የቮልስ፣ ማለትም የቮልስዋገን ቢትል፣ ወዳጆች ይገኙበታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ይህች መኪና ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ትታያለች፤ አፍቃሪዎቿም እየተሰባሰቡ ያስጌጧታል። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ፕላቲናና ካርቡሬተር ያለው ሞተር ስላላት፣ የእሷን ፕላቲና ክፍተት ማስተካከል የሚችል መካኒክ የአሮጌ ጓሮ ትራክተርን ሞተር ለማንበብ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። በደብረ ታቦርና በፎገራዋ ወረታ ደግሞ የወፍጮና የመስኖ ፓምፕ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የናፍጣው እውቀት በእነሱ እጅ ነው። እነዚህን ባለሙያዎች ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር በአንድ አሮጌ ትራክተር ዙሪያ የሚያገናኝ ክበብ ቢቋቋም፣ ከብዙ የክፍል ሰዓት የበለጠ ፊዚክስ የሚያስተምር ይመስላል።

ታድሶ ያለቀ ትራክተር ወደ ማሳ ሲወጣም ትምህርቱ አያልቅም። ጎታች ማሽንን የሚገድበው ብዙ ጊዜ የፈረስ ጉልበቱ ሳይሆን በጎማዎቹ ላይ ያረፈው ክብደት ነው፤ ቀላል ትራክተር ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር በፎገራ ጥቁር ዋልካ ላይ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። አፍቃሪዎች ለዚህ ጎማ ውስጥ ውኃ ይሞላሉ፣ በጎማው ላይም የብረት ክብደት ያስራሉ። በውድድር ቀን የሚጎትቱት ሸርተቴም ይህንኑ ሕግ ይጠቀማል፤ ሸርተቴው በተጓዘ ቁጥር በላዩ ያለው ክብደት ወደ ፊት እየተንሸራተተ የጭነቱን ሰበቃ ስለሚጨምር፣ ትራክተሩ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም፤ አሸናፊው ርቆ የቆመው ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ ተዳፋት ማሳዎች ግን ጠባብና ቁመቱ ከፍ ያለ ማሽን በጎን ይገለበጣልና፣ አቀበቱን ቀጥ ብሎ መውጣት እንጂ በአግድም መሻገር አይገባም።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት። የሚያብረቀርቅ ቀለም ተቀብቶ ሞተሩ የማይነሣ ትራክተር፣ ቀለሙ ተላልጦ ከሚያርስ ትራክተር በማንኛውም መለኪያ ያንሳል። የታደሰን የናፍጣ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስነሣ ሰውም አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል፤ ፋሻው የሚያሳልፍ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ የተሞላ ሞተር የራሱን ዘይት እየመጠጠ ማቃጠል ሊጀምርና፣ የነዳጁ መስመር ቢዘጋም እንኳ ፍጥነቱን እየጨመረ እስኪሰበር ድረስ ሊሮጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያስቆመው አየር መከልከል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ ደጅ ይነሣ፤ አጠገቡም አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም፤ በእጅ መዳፍ ለመድፈን ግን ፈጽሞ አይሞከር።